የፍቅርና የልብስ ጌም ላይ ልብሱና ፍቅሩ ለምን አይገናኙም?

የማርቆሷ (ደብረ ማርቆስ)

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ከረማችሁ። ልብስ የማልበስና የፍቅር ታሪክ ያለባቸውን የስልክ ጌሞች የምትጫወቱ ካላችሁ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የምጫወተውን ስሙን አልጠራም፤ ዓይነቱን ግን ታውቁታላችሁ። አንዲት ልብስ ሰፊ ልጅ ከገጠር ወጥታ ትልቅ ከተማ ትገባለች። ሦስት ወንዶች ትተዋወቃለች። ካንዱ ጋር ፍቅር ይይዛታል። አንቺ ደግሞ በየምዕራፉ ታለብሻታለሽ። ስዕሉን ዓይን አይጠግበውም። ታሪኩም የምሬን ነው፣ የሚችል ሰው የጻፈው ነው። ልጁ የሚናገረው ነገር ልብ ይነካል።

ግን ታሪኩ ሄዶ ሄዶ ልክ ልብ የሚንጠለጠልበት ቦታ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ቆሞ ምን ይላል? ባለቀለም ድንጋዮች ሦስት ሦስት እያደረግሽ አዛምጂ። እሱን ስትጨርሺ የካርድ ውጊያ ይመጣል። ከጭራቅ ጋር! ልብስ ሰፊዋን ከጭራቅ ጋር ምን አገናኛት? ታሪኩ ውስጥ ጭራቅ የሚባል ነገር የለም። ከዚያ ክፍል ማስዋብ አለ፣ ሶፋና መጋረጃ እየመረጡ። ከዚያ ኢነርጂ (ለመጫወት የሚያስፈልገው ጉልበት) አለቀ፣ ጠብቂ ወይም ዳይመንድ (የጌሙን ገንዘብ) ግዢ። የውጭ ክፍያ የሚቀበል ካርድ ከየት ላምጣ? በቴሌብር ልክፈል ብል እዚያ ውስጥ አይሠራም። እና ልጁ "አንድ የምነግርሽ ነገር አለ" ብሎ አፉን እንደከፈተ እስከ ማታ ይጠብቀኛል።

ከሁሉ ያናደደኝን ልንገራችሁ። አንድ ምዕራፍ ላይ የልጁ እናት ትሞታለች። ልጅቷ ለቅሶ ልትደርስ ነው፣ አልብሻት ተባልኩ። ጥቁር ረጅም ቀሚስ አለበስኳት፣ ጸጉሯን ሸፈን አደረግኩላት፣ ጌጥ የሚባል አላስጠጋሁም። ለቅሶ ቤት እንዴት እንደሚኬድ እኛ አገር ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቃል። ውጤቱ ሲመጣ ዝቅተኛው ነጥብ! ወድቀሻል፣ እንደገና ሞክሪ። ለምን? የዚያ ምዕራፍ መለኪያ "ያጌጠ" እና "ደማቅ" ስለሆነ። ቁም ሳጥኑን ስበረብር ትልቅ ነጥብ ያላቸው ቀይ የሠርግ ቀሚስ፣ የወርቅ ዘውድና ከጀርባ የሚደረግ ክንፍ ሆነው ተገኙ። እነሱን አልብሼ ስልካት አለፍኩ። ልጁም እያለቀሰ አቀፋትና "ሐዘኔን የተረዳሽልኝ አንቺ ብቻ ነሽ" አላት።

እንዴት ነው ይሄ? ያን የመሰለ ጽሑፍ የጻፈው ሰው ይሄን ሲያይ ምን ይሰማው ይሆን? እኔ አንባቢዋ እንኳ አዘንኩ።

ጥያቄዬ፣ ይሄ የሁሉም ጌም ችግር ነው ወይስ እኔ የያዝኩት ብቻ? ልብሱ፣ ጨዋታውና ፍቅሩ በደንብ የተዋሃዱበት ጌም ታውቃላችሁ? የምጠይቀው ለወሬ አይደለም። ኮምፒውተር ሳይንስ የምትማር ጓደኛ አለችኝ። እሷ ኮዱን፣ እኔ ታሪኩን ይዘን ትንሽ የአማርኛ ጌም ልንሠራ እየተነጋገርን ነው። ቦታው ጎጃም ነው። ታሪኩ ሊያልቅ ምንም አልቀረው፣ ተጫዋቹ በእጁ ምን ይሥራ የሚለው ላይ ግን ተጣብቀናል።

ጊሽ ዓባይ (ሰከላ)

የማርቆሷ፣ ያንቺ ብቻ አይደለም እህቴ። ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው።

የነጥቡ ነገር ከየት እንደመጣ ላስረዳሽ። ይሄን አጨዋወት በሰፊው ካስለመዱት አንዱ ላቭ ኒኪ ነው፤ ፔፐርጌምስ የሚባል የቻይና ድርጅት የሠራው። ቻይና ውስጥ ቀድሞ ነበር፣ በእንግሊዝኛ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። እዚያ ልብስ ሁሉ በአምስት ጥንድ ባሕርይ ይለካል። ቀላል ነው ወይስ ያጌጠ፣ ፈጠን ያለ ነው ወይስ ረጋ ያለ፣ የልጅ ነው ወይስ የበሰለ ሴት፣ ጭምት ነው ወይስ ገላጣ፣ ለብርድ ነው ወይስ ለሙቀት። የለበስሽው ሁሉ ይደመርና ከኤፍ (ዝቅተኛው) እስከ ኤስ (ከፍተኛው) ውጤት ይወጣል።

ልብ በይ ግን፣ እዚያ ጌም ውስጥ ይሄ ያስኬዳል። ለምን ብትይ የታሪኩ ዓለም ራሱ ሰዎች ጸባቸውን በጎራዴ ሳይሆን በአለባበስ ውድድር የሚፈቱበት ዓለም ነው። ሁለት ሰው ከተጣላ ለብሶ ይቀርባል፣ ዳኛ ያያል፣ አንዱ ይረታል። ዳኛ ባለበት ነጥብ ቢኖር ማን ይገረማል? በኋላ የመጡት ቀጂዎች ነጥቡን ብቻ ወሰዱት፣ ዓለሙን ተዉት። ስለዚህ ቀጠሮውም፣ ሠርጉም፣ ለቅሶውም ውድድር ሆኖ ቀረ። ያንቺ ቀይ ቀሚስ የመጣው ከዚህ ነው።

በደንብ የተዋሃደ ላልሽው ሁለት እነግርሻለሁ። አንዱ ያው የኒኪ ቤተሰብ ነው፣ ኢንፊኒቲ ኒኪ፣ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2024 የወጣው። እዚያ ልብስ ሥራ አለው። አንዱን ስትለብሺ ከከፍታ ላይ ቀስ ብለሽ እየተንሳፈፍሽ ትወርጃለሽ። ሌላውን ስትለብሺ ነፍሳት ትይዣለሽ፣ ሌላውን ዓሣ ታጠምጃለሽ፣ ሌላውን እንስሳ ታበጥሪያለሽ። ልብስ መቀየር ማለት የምትችይውን ነገር መቀየር ማለት ነው። እውነት ለመናገር ፍቅር የለበትም፣ ስልክም ይከብደዋል፤ እኔ ያየሁት በወንድሜ ኮምፒውተር ነው። ግን ልብስና ጨዋታ ሲጋቡ ምን እንደሚመስል ያሳያል።

ሁለተኛው ሚስቲክ ሜሴንጀር ነው፣ የኮሪያ፣ እ.ኤ.አ. 2016። ልብስ ማልበስ የለበትም። ፍቅር ግን አለበት፣ እና ጨዋታው ራሱ ፍቅሩ ነው። ታሪኩ የሚካሄደው በቻት ነው። ቻቱ የሚከፈተው በእውነተኛው ሰዓት ነው፣ ሌሊትም ቢሆን። ሰውዬው በሌሊት ከጻፈልሽ በሌሊት ነው የምታነቢው፤ ካመለጠሽ አመለጠሽ። መጠበቁ ራሱ የፍቅሩ ክፍል ነው። አንቺ የምትጫወቺውም ያስጠብቅሻል፣ ያም ያስጠብቃል። ያኛው ግን የሚያስጠብቅሽ ሰው ስለሆነ ነው፣ ያንቺው የሚያስጠብቅሽ ቁጥር ስላለቀ ነው። ልዩነቱን እዪው።

እና ጌማችሁን በናታችሁ ጨርሱት። በአማርኛ እንዲህ ያለ ነገር መጫወት እንዴት እንደናፈቀኝ።

ኮድ ከባሕር ዳር

ሰላም። እኔ ሥራዬ አፕ መሥራት ነው፣ ጌም ላይ በትርፍ ጊዜዬ ነው የምሞክረው። እነዚህ ነገሮች ለምን እንዲህ እንደሚሠሩ ከውስጥ በኩል ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም የማርቆሷ ይሄን ካላወቀች እሷም ሳታስበው እዚያው ትገባለች።

ታሪክ ውድ ነው። ለመጻፍ ወራት ይፈጃል፣ ተጫዋች ግን ባንድ ምሽት አንብቦ ይጨርሰዋል። ጨርሶ ከሄደ ደግሞ ድርጅቱ አይከፈለውም። ስለዚህ ፍሬን ያስፈልጋቸዋል። ሦስት ማዛመዱ ፍሬን ነው። ኢነርጂው ፍሬን ነው። የካርድ ውጊያውም ፍሬን ነው። ታሪኩን እንዲያሳምር ታስቦ የገባ አይደለም፤ እንዲያዘገየው ነው የገባው። ለዚህ ነው ልክ ልብ የሚንጠለጠልበት ቦታ ላይ የሚቆመው። ተጫዋች ዳይመንድ የሚገዛው እዚያ ላይ ነውና ቦታው ታስቦበት የተመረጠ ነው።

ሌላው ነገር፣ ሠሪዎቹ "አልተገናኘም" ብትያቸው አይቀበሉሽም። በወረቀት ላይ ተገናኝቷል። ቀሚሱ ለካርዱ ጉልበት ይጨምራል፣ ካርዱ ለማዛመዱ ተጨማሪ እንቅስቃሴ ይሰጣል፣ ማዛመዱ ሳንቲም ይሰጣል፣ ሳንቲሙ ሶፋ ይገዛል፣ ሶፋው እንደገና ለቀሚሱ ነጥብ ይጨምራል። ሁሉም በቁጥር ተያይዟል። በትርጉም ግን አልተያያዘም። የማርቆሷ የተናደደችው እዚህ ላይ ነው፣ ትክክልም ናት።

ክሊንት ሆኪንግ የሚባል የጌም ዲዛይነር እ.ኤ.አ. በ2007 ባዮሾክ ስለሚባለው ጌም ሲጽፍ ያነሳው ነጥብ ይሄው ነበር። ታሪኩ አንድ ነገር ይነግርሃል፣ እጅህ የሚሠራው ደግሞ ተቃራኒውን ያስተምርሃል፣ በመጨረሻ ሁለቱንም አታምናቸውም። ያ የተኩስ ጌም ነው፣ ነገሩ ግን ለለቅሶው ምዕራፍ ልክ ነው። ታሪኩ "እዘኚለት" ይላል፣ ነጥቡ "አጊጪ" ይላል።

ልብስ ላይ ደግሞ የባሰ አለ፣ ዕጣው። ሙሉ ስብስብ ካልያዝሽ ጉርሻው አይመጣም፣ ስብስቡ የሚመጣው በዕጣ ነው፣ የመጨረሻዋ ጫማ አትወጣም። ጃፓን ውስጥ በዕጣ የወጡ ዕቃዎችን ስብስብ ላሟላ ሰው ትልቅ ሽልማት የሚሰጠውን አሠራር የሸማቾች ጉዳይ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2012 ሕገ ወጥ ነው ብሎታል። ቻይና ከግንቦት 2017 ጀምሮ የዕጣውን ዕድል በቁጥር አሳዩ ብላለች። አፕልም በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ይሄንኑ ግዴታ አድርጎታል። (ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) ከታሪኩ ጋር ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል። በጣም ያገናኘዋል። የልጅቷ ልብስ በዕጣ የሚመጣ ከሆነ ጸሐፊው ምን እንደለበሰች ማወቅ አይችልም። ስለዚህ ልጁ ስለ ልብሷ ምንም አይናገርም። "አምሮብሻል" ይላል፣ ያ ለክንፍም ይሠራል ለጥቁር ቀሚስም ይሠራል።

ለናንተ የምመክረው አንድ ነገር ነው። ያስገባችሁትን እያንዳንዱን ጨዋታ አውጡትና ታሪኩን አንብቡት። ምንም ካልተለወጠ ጨዋታው ከመጀመሪያውም አያስፈልግም ነበር።

የቡሬው

እኔ በዚህ ሁሉ ልስማማ አልቻልኩም፣ ይቅርታ።

ሦስት ማዛመድን እንዲህ አታዋርዱት። ጋርደንስኬፕስ ላይ ስንት ሰው ነው የሚጫወተው፤ አዛምደህ ኮከብ ታገኛለህ፣ በኮከቡ አትክልት ቦታ ታሳምራለህ፣ ትንሽ ታሪክ አለ፣ ማንም አልተቸገረም። እኔ ታሪክ ብቻ የሆነ ጌም ይሰለቸኛል። ንካ፣ አንብብ፣ ንካ፣ አንብብ። እጄ ሥራ ይፈልጋል። ሱቅ ውስጥ ገዢ እስኪመጣ ቁጭ ስል እንደ ማዛመድ የሚያሳርፈኝ የለም። ኮድ ከባሕር ዳር "ታሪኩ ካልተለወጠ አውጡት" ይላል። ወንድሜ፣ ሰው ሁልጊዜ ልቡ ተንጠልጥሎ አይውልም እኮ። ማረፊያም ይፈልጋል።

እኔን የሚያቃጥለኝ ሌላ ነው። ዕለታዊ መግቢያ የሚሉት። በየቀኑ ከገባህ ሽልማት አለ፣ በሰባተኛው ቀን ትልቁ ይመጣል፣ አንድ ቀን ካለፈህ ከአንድ ትጀምራለህ። ከነሐሴ 2015 በኋላ በክልላችን የሞባይል ዳታ ለረጅም ወራት ተቋርጦ እንደነበር ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ሲመለስ ገብቼ ሳይ ልጅቷ "ረሳኸኝ፣ አልወደድከኝም ማለት ነው" ብላኝ የፍቅር ደረጃዋ ወርዶ ጠበቀኝ። ከሷ ጋር ያሳለፍኩት ሁሉ ዜሮ። አልረሳኋትም! ኔትወርክ አልነበረም! ይሄን የሠራው ሰው ዳታ የሚጠፋበት አገር አለ ብሎ አስቦ አያውቅም። ፍቅርን በመግቢያ ቀን የሚለካ ጌም ለኛ አይሆንም። የማርቆሷ፣ ሌላው ይቅርና ይሄን እንዳታስገቡ። መብራትም አለ፣ ዳታም አለ፣ ሥራም አለ።

ሽንሽን (ፍኖተ ሰላም)

ልጆች እንደምን ዋላችሁ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ማሽን ላይ ብዙ ዘመን ቆይቻለሁ። ጌም አልጫወትም፣ የእህቴ ልጅ ስትጫወት ግን አጠገቧ ሆኜ አያለሁ። ይሄን አንብቢው ብላ የላከችልኝ እሷ ናት።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅ። ልጅቷ ልብስ ሰፊ ናት አላችሁ። ስትሰፋ አያችኋት? የእህቴ ልጅ ስልክ ላይ ያለችውም ልብስ ሰፊ ትባላለች፣ መርፌ ስትይዝ ግን አንድ ቀን አላየሁም። ድንጋይ ታዛምዳለች፣ ከአውሬ ጋር ትታገላለች፣ ሶፋ ትገዛለች። ሙያዋን የት ጣሉት? ልብስ መስፋት እኮ በራሱ ብዙ ነገር አለበት። መለካት አለ፣ ጨርቅ መቁጠብ አለ፣ መቁረጥ አለ፣ ማገጣጠም አለ። ሰው ስትለኪ ትከሻውን ትነኪያለሽ፣ አንገቱ ጋ ትቀርቢያለሽ፣ ትንፋሹን ትሰሚያለሽ፤ እሱ ወደ ጎን ያያል፣ አንቺ ሜትሩን ታያለሽ። ለፍቅር ታሪክ ከዚህ የተሻለ ምን ትፈልጋላችሁ?

የቡሬው ማዛመድ እወዳለሁ ላልከው፣ እኛም እናዛምዳለን። የሐበሻ ቀሚስ ሲሰፋ ከባዱ ሥራ ጥለት ማገጣጠም ነው። የግራው ጥለት ከቀኙ፣ የእጅጌው ከደረቱ መግጠም አለበት። ጥለቱ ትንሽ ከሳተ ከሩቅ ያስታውቃል። ጨርቁ ደግሞ ሸማኔ የሸመነው ነው፣ ልኩ የተቆጠረ ነው፣ ካበላሸሽው መተኪያ የለውም። እሱን አስገቡት። እጅህም ሥራ ያገኛል፣ ልጅቷም ሙያዋን ትሠራለች።

ሁለተኛ፣ ስለ ለቅሶው። ልብስ ይናገራል፣ ነጥብ ግን አይሰጥም። አንዲት ነጠላ እንኳ ብትሆን አለባበሷ ስንት ነው። ቤተ ክርስቲያን ስትሄጂ መስቀለኛ ታጣፊያለሽ። ለቅሶ ስትሄጂ ትዘቀዝቂያለሽ። ለታላቅ ሰው ወይም ለታቦት ወገብሽ ላይ ታደገድጊያለሽ። ነጠላዋ ያቺው ናት፣ ጨርቁ አልተለወጠም፣ የተለወጠው አንቺ ነሽ። እና ለቅሶ ቤት ሳትዘቀዝቂ ብትገቢ "ወድቀሻል" የሚልሽ የለም። ሴቶቹ ዝም ይላሉ። ቦታ የሚለቅልሽ አታገኚም። አንዷ አሮጊት ተነስታ ቀስ ብላ ነጠላሽን ታስተካክልልሻለች፣ ምንም ሳትናገር። ከዚያች በኋላ ያችን አሮጊት በሕይወትሽ አትረሻትም።

ቁም ሳጥን ሙሉ ልብስ ለምን አስፈለጋችሁ? አንድ ነጠላ ይበቃችኋል።

ኮድ ከባሕር ዳር

እትዬ ሽንሽን፣ እኔ በዚያ ሁሉ ወሬ ያልደረስኩበትን እርስዎ አመጡት። "ነጠላዋ ያቺው ናት፣ የተለወጠው አንቺ ነሽ" ያሉትን ለማርቆሷ ጓደኛ በኮድ ልተርጉምላት፦ ነጥብ የለም፣ አራት ወይም አምስት ሁኔታ ነው ያለው፤ አጣፍታለች፣ ዘቅዝቃለች፣ አደግድጋለች፣ ዝም ብላ ጣል አድርጋለች። እያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ለእያንዳንዱ ሁኔታ የራሱ መልስ አለው። ጸሐፊዋም ምን እንደለበሰች ሁልጊዜ ታውቃለች። ይሄ ትንሽ ቡድን የሚችለው ሥራ ነው። አንድ ሺህ ቀሚስ መሳል ግን ሁለታችሁ አትችሉም።

የቡሬው፣ ማረፊያ ያስፈልጋል ባልከው ላይ ግን እስካሁን አልተዋጠልኝም። ማረፊያውም ከዚያው ከልጅቷ ዓለም ቢመጣ ነው የምለው።

የቡሬው

እሱማ የጥለቱ ነገር ከመጣ እኔ ምን እላለሁ። ጥለት ላዛምድ። ግን ከታሪኩ ውጪም መጫወት የምችልበት ይሁን፣ ዝም ብሎ ለእጅ። ታሪኩን ከጨረስኩ በኋላ የምሰፋው ቀሚስ ስጡኝ፣ የፈለግኩትን ያህል ልስፋ። እዚህ ላይ አልለቅም።

የማርቆሷ (ደብረ ማርቆስ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከጓደኛዬ ጋር ቁጭ ብለን አንድ በአንድ አነበብነው፣ ማታውን ሙሉ ስንከራከር አመሸን።

የወሰንነው እንዲህ ነው። ነጥብ አይኖርም። ኢነርጂ አይኖርም። ዕለታዊ መግቢያ አይኖርም፣ የቡሬው፣ ለአንድ ዓመት ጠፍተህ ብትመለስ ልጁ "ደህና ነሽ ወይ፣ አሳሰብሽኝ" ብቻ ነው የሚለው። ልጅቷ ማርቆስ ውስጥ ልብስ ሰፊ ናት። መለካት፣ መቁረጥና ጥለት ማገጣጠም አለ። እትዬ ሽንሽን የተናገሩትን የመለካቱን ነገር ጓደኛዬ ስታነብ ጮኸች። ስትለኪ እጅሽን ከፈጠንሽበት ልኩ ይሳሳታል፣ ቀስ ካልሽ ደግሞ ልጁ ማውራት ይጀምራል። ስለዚህ ሰው ሆን ብሎ ቀስ ይላል። ልኩም ወሬውም ባንድ ጣት።

አንድ ትዕይንት ላይ ግን ምክር እፈልጋለሁ። ሁለቱ ወደ ጮቄ ተራራ ይሄዳሉ። ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ ብርዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ተጫዋቹ ጋቢ ካለበሳት ይደርሳሉ፣ ያወራሉ፣ ደስ ይላል። ነጠላ ብቻ ካለበሳት ትንቀጠቀጣለች። የድሮው ጌም ቢሆን ይሄ ሽንፈት ነበር፣ እንደገና ሞክሪ ይል ነበር። እኛ ግን ልጁ የራሱን ጋቢ አውልቆ እንዲያለብሳት አድርገናል። ያኔ እሱ ይበርደዋል። በቀጣዩ ምዕራፍ ጉንፋን ይዞት ይተኛል፣ እሷ ልትጠይቀው ትሄዳለች፣ እናቱን እዚያ ታገኛታለች። ጋቢ የለበሰችው ልጅ እናቱን የምታውቃት በጣም ዘግይታ ነው።

ጓደኛዬ ይሄ ትክክል አይደለም ትላለች። ሰው ነጠላውን መርጦ የተሻለ ታሪክ ካገኘ በሚቀጥለው ሁሉም ሆን ብሎ ነው የሚሳሳተው፣ ያኔ ተመልሰን ነጥብ ፍለጋ ሆነ ማለት ነው ትላለች። እኔ ደግሞ ሁለቱም የራሱ ነገር አለው እላለሁ። ጋቢ ለብሳ የሄደችው አናት ላይ ደርሳ ቁልቁል አገሩን ሁሉ ታየዋለች፣ ነጠላ የለበሰችው ግን ከመንገድ ትመለሳለች። ምን ትላላችሁ?

ጊሽ ዓባይ (ሰከላ)

ጓደኛሽ የፈራችው ልክ ነው፣ ግን ተጫዋች የሚያሳድደው የሚታየውን ነገር ነው። የትኛው "የተሻለ" እንደሆነ የሚናገር ምልክት አታድርጉበት። ልብም፣ ኮከብም፣ "ልዩ ትዕይንት ተከፈተ" የሚል ጽሑፍም አይኑር። ጋቢውን የመረጠችው ተጫዋች የጉንፋኑ መንገድ መኖሩን ጭራሽ አትወቅ። ጓደኛዋ ስትጫወት አይታ "እንዴ፣ ያንቺ ታመመ እንዴ?" ብላ ብትጠይቅ ነው ደስ የሚለው።

ጋቢ የለበሰችውንም አትበድሏት። ተራራው አናት ላይ ለሷ ብቻ የሚነገር አንድ ነገር ጻፊላት፣ ከእናቱ መንገድ የማያንስ።

ኮድ ከባሕር ዳር

እስማማለሁ። አንድ ተጨማሪ፣ ውሳኔውን ከጉዞው በፊት አስወስዷት። ማታ ዕቃ ስታዘጋጅ ነጠላውንም ጋቢውንም ትያዝ ወይስ አንዱን ትተው፤ ምክንያቱም ታሪኩ ውስጥ ይኑር። ለምሳሌ ጋቢው የአባቷ ቢሆን፣ እሱም ሌሊት የሚለብሰው ሌላ ባይኖረው። ያኔ ነጠላ ይዛ የምትሄደው ልጅ የተሳሳተች አትሆንም። አባቷን አስባ ነው። ተጫዋቹም ነጥብ ሳይሆን ሰው ነው የሚመርጠው።

የማርቆሷ (ደብረ ማርቆስ)

የአባቷ ጋቢ! ወስጄዋለሁ። አሁኑኑ ልጽፈው ነው።

እትዬ ሽንሽን፣ አንድ ላስቸግርዎት። የሚገጣጠሙትን ጥለቶች ጓደኛዬ ከሐሳቧ ልትስል ነው፣ እኔ ደግሞ እውነተኛ እንዲሆኑ እፈልጋለሁ። ከሰፏቸው ቀሚሶች የጥለቱን ፎቶ ቢልኩልን?

ሽንሽን (ፍኖተ ሰላም)

እልካለሁ ልጄ፣ ምን ችግር አለው። ቅዳሜ ገበያ ስለሆነ ቀሚስ የሚያስሰፋ ይበዛል፣ ባለቤቶቹን አስፈቅጄ የእህቴ ልጅ ታነሳልሻለች። ከፊት ብቻ ሳይሆን ከውስጥ በኩል ስፌቱንም እንድታነሳው እነግራታለሁ፣ መገጣጠሙ የሚታየው በውስጥ ነው። ለለቅሶዋ ነጠላ ደግሞ ጥለቱ የደመቀውን አትውሰጂ፣ ጠበብ ያለና ጠቆር ያለ ለብቻው እልክልሻለሁ።

የቡሬው

ያለ ዳታ ይሠራል?

የማርቆሷ (ደብረ ማርቆስ)

ይሠራል። አንዴ ካወረድከው በኋላ ኔትወርክ አይጠይቅህም፤ ፋይሉንም ስልክ ለስልክ መላላክ ይቻላል። የመጀመሪያው ምዕራፍ ሲያልቅ እዚሁ እለጥፈዋለሁ፣ የጥለቱን ክፍል መጀመሪያ አንተ ሞክርልን።